የማንጎ ዘር ከቆሻሻ ገንዳ ወደ ችግኝ ጣቢያ

ማንጎን የሚመለከቱ የድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችን በአብዛኛው ከሁለት ወገን ይመጣሉ። የእጽዋት ሳይንስ ተማሪው ዛፉን፣ ተባዩንና በሽታውን ያጠናል፤ የምግብ ሳይንስ ተማሪው ደግሞ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ያለውን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በተለይ ልጣጩንና ዘሩን ይመረምራል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ግቢ ውስጥ እየሠሩ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ሳያነብ መመረቁ የተለመደ ነው። ይህ አሳዛኝ ብቻ ሳይሆን ውድ ዋጋ የሚያስከፍል መለያየት ነው፤ ምክንያቱም በእኔ እምነት የማንጎ አመራረታችን ዋነኛ ችግርና የማንጎ ተረፈ ምርት የተሻለ ጥቅም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። የሚገናኙትም በዘሩ ላይ ነው።

አሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ። በአገራችን ሁኔታ የማንጎ ተረፈ ምርት የመጀመሪያ ጥቅም ዘይት፣ ፔክቲን ወይም የብስኩት ዱቄት ሊሆን አይገባም፤ የመጀመሪያ ጥቅሙ ማንጎውን ራሱን ማዳን ነው። ከየጁስ ቤቱ በጆንያ እየተሞላ የሚጣለው ዘር ሕይወት ያለው ዘር ነው። ሳይደርቅ ቢሰበሰብ ለተዳቀለ ችግኝ ሥር መሆን ይችላል፤ የተዳቀለ ችግኝ እጦት ደግሞ ከዚህ በታች ከምዘረዝራቸው ችግሮች ከአብዛኞቹ በስተ ጀርባ የቆመ ነው።

ስለ ማንጎ የምግብነት ዋጋ ብዙ ተጽፏልና አላረዝምም። በ100 ግራም የሚበላ የማንጎ ክፍል ውስጥ 60 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል፣ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 1.6 ግራም ፋይበር፣ 36 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ፣ 43 ማይክሮግራም ፎሌት እንዲሁም በሬቲኖል አቻ ሲሰላ 54 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ ይገኛል። አኃዙ እንደ ዝርያውና እንደ ብስለቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ቁጥሩን ወደ ማዕድ ስናመጣው፣ 200 ግራም ማንጎ የበላ የሦስት ዓመት ሕፃን በቀን ከሚያስፈልገው 300 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ያገኛል፤ ያንኑ ያህል የበላች አዋቂ ሴት ደግሞ የዕለት የቫይታሚን ሲ ፍላጎቷን ከሞላ ጎደል ትሸፍናለች።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መታከል አለባቸው። ማንጎ ቫይታሚን ኤን የሚሰጠው በቤታ ካሮቲን መልክ ስለሆነ ሰውነት በሚገባ የሚወስደው ጥቂት ስብ አብሮት ሲኖር ነው። ጁስ ቤቶቻችን ስፕሪስ ብለው አቮካዶንና ማንጎን በአንድ ብርጭቆ መደርደራቸው ለዓይን ብለው ያደረጉት ቢሆንም ከሥነ ምግብ አንጻር ብልህ ሥራ ነው። የሚጨምሩበት ስኳር ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ነገር ወቅቱ ነው። የማንጎ ዋነኛ የለቀማ ጊዜ በብዙዎቹ አምራች አካባቢዎቻችን ከመጋቢት እስከ ሰኔ ይዘልቃል። ጅማሬው ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ማብቂያ ጋር ይገጥማል፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ለ55 ቀናት ከማዕድ በራቁበት ቤት፣ በተለይም ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናት፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚገኘውን ቫይታሚን ኤ በተወሰነ ደረጃ የሚተካ ፍሬ በዚሁ ጊዜ መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን ማንጎ በሚበቅልበት አካባቢ የሚኖር ልጅ ይህንን ፍሬ የሚያገኘው በገንዘብ አይደለም። ከጓሮ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወይም ከሥሩ የወደቀውን አንሥቶ ነው የሚበላው። ስለሆነም ዛፉ ሲሞት የሚጎድለው የገበያ ምርት ብቻ አይደለም፤ በየትኛውም የገበያ አኃዝ ውስጥ የማይታይ የሕፃናት ምግብም አብሮ ይጠፋል።

ዛፉ እየሞተ ነውና ወደዚያው እናምራ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ሎኮ በተባለ ቦታ፣ ባለሙያዎች ዋይት ማንጎ ስኬል የሚሉት፣ በሳይንሳዊ ስሙ አውላካስፒስ ቱበርኩላሪስ የተባለው ነጭ ተባይ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በደቡብም እስከ አርባ ምንጭ አካባቢ ድረስ ተዛምቷል። ተባዩ እጅግ ትንሽ ነው። ሴቷ ክብ፣ ነጣ ያለ፣ የዓሣ ቅርፊት የሚመስል ሽፋን ለብሳ ቅጠሉ ላይ ትጣበቃለች፤ ወንዶቹ ደግሞ ጎን ለጎን ተሰልፈው በሩቁ ዱቄት የተነሰነሰ ያስመስላሉ። የቅጠሉን ፈሳሽ ሲመጡት ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል፤ በፍሬው ቆዳ ላይም ሮዝ መልክ ያለው ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው የፍሬውን ጣዕም እምብዛም ባያበላሸውም ገዢው አይወስደውም።

ይህ ተባይ በደቡብ አፍሪካና በሌሎችም ማንጎ አምራች አገሮች የታወቀ ነው። እዚያ ዛፉን በየዓመቱ በመግረዝ፣ በተመጠነ ርጭትና ተባዩን በሚመገቡ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች አማካይነት ጉዳቱን ዝቅ አድርገው ይኖራሉ። እኛ ዘንድ ያን ያህል የከፋበት ምክንያት ምንድን ነው? የመከላከያ መድኃኒት እጦትና የምክር አገልግሎት ድክመት እንደሚጠቀሱ አውቃለሁ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ዋናው ምክንያት ግን የዛፎቻችን ቁመት ይመስለኛል።

በአርሶ አደሩ ጓሮ የሚገኘው የማንጎ ዛፍ አብዛኛው ከዘር የበቀለ ነው። ከዘር የበቀለ ማንጎ ካልተገረዘ ከ10 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ቅርንጫፎቹ ተጠላልፈው ውስጡ ጨለማና እርጥበታም ይሆናል። ተባዩ የሚወደውም ይህንኑ ጥላ ነው። አንድ አርሶ አደር በጀርባው የሚሸከመው መርጫ የሚደርሰው ከታችኛው ቅርንጫፍ ብዙም ሳያልፍ ነው፤ የላይኛው ቅርንጫፍ ላይ የተረፈው ተባይ በሳምንታት ውስጥ ተራብቶ ይመለሳል። ያልደረሰው መድኃኒት ባክኖ ይቀራል፤ የደረሰው ደግሞ ተባዩን ብቻ ሳይሆን ተባዩን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችም ይገድላል። ከዛፉ ሥር ጭስ የሚያጨሱ አሉ። ተስፋ ቆርጠው ዛፉን ለማገዶ የቆረጡም አሉ። ሠላሳ ዓመት ጥላ የሰጠ፣ ልጆች ያሳደገ ዛፍ በአንድ ቀን ይወድቃል።

ቁመቱ የሚያስከትለው ጉዳት በተባይ ብቻ አይወሰንም። ከ10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለን ፍሬ በእጅ መልቀም አይቻልም፤ ስለዚህ በረዥም እንጨት ይመታል፣ ወይም ቅርንጫፉ ይናጣል። መሬት ላይ የወደቀው ፍሬ በዚያው ዕለት ደኅና ይመስላል። ሆኖም በቆዳው ላይ ተደብቆ የቆየው አንትራክኖዝ የተባለው የሻጋታ በሽታ፣ ፍሬው መብሰል ሲጀምር በተቀጠቀጠበትና በተሰነጠቀበት በኩል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ፍሬው በጆንያ ተጠቅጥቆ ከአርባ ምንጭ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከአሶሳ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ሲደርስ የታችኛው ረድፍ ጭማቂ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 በኬንያ ከታየ በኋላ በመላው አፍሪካ የተስፋፋው የእስያ የፍራፍሬ ዝንብም በበኩሉ ከዛፉ ሥር ወድቆ የሚበሰብሰውን ፍሬ መራቢያው ያደርገዋል። በአሶሳ አካባቢ በለቀማ ወቅት የማንጎ ፍሬ በየመንገዱ ዳር ወድቆ ሲበሰብስ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ይህንን የምናነሣው ዘወትር እንደ ገበያ ችግር ወይም እንደ ፋብሪካ እጦት ነው። ነገር ግን ፋብሪካ ቢቋቋም እንኳ ቃጫ የበዛበት፣ መጠኑ የተለያየ፣ ሲወርድ የተቀጠቀጠ ፍሬ አይቀበልም። ብክነቱ የሚጀምረው ከዛፉ ነው።

መፍትሔው ምሥጢር አይደለም። የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አፕል ማንጎ፣ ኬንት፣ ኪት እና ቶሚ አትኪንስ የተባሉትን ዝርያዎች ካስተዋወቀ ቆይቷል። ባለሙያዎች ግራፍቲንግ፣ አርሶ አደሩም ማዳቀል በሚለው ዘዴ የእነዚህ ዝርያዎች ቀንበጥ ከዘር በበቀለ ችግኝ ላይ ይጣበቃል፤ እንዲህ የተገኘ ተክል በሦስትና በአራት ዓመት ፍሬ ይሰጣል። ከዘር የበቀለው ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ያስጠብቃል። የተዳቀለው ዛፍ በየዓመቱ ከተገረዘ ሰው ከመሬት ሆኖ ወይም አጭር መሰላል ይዞ ሊረጨው፣ ሊያየውና ሊለቅመው በሚችል ቁመት ይቆያል። ታዲያ ለምን አልተዳረሰም? ችግኙ ስለሌለ ነው። ያለውም በቂ አይደለም፤ ዋጋውም ለአነስተኛ አርሶ አደር ከባድ ነው።

አሁን ወደ ምግብ ሳይንስ ተማሪው ወገን ልሻገር። ልጣጭና ዘር እንደ ዝርያው ከማንጎው ጠቅላላ ክብደት ከ35 እስከ 60 በመቶ ይይዛሉ። ይህ አኃዝ በማንጎ ተረፈ ምርት ላይ በሚሠሩ ጥናቶች መግቢያ ላይ ዘወትር የሚጠቀስ ሲሆን፣ ጥናቶቹ ከዚያ ተነሥተው ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሄዳሉ። አንደኛው ልጣጩን አድርቆና ፈጭቶ በብስኩት ወይም በዳቦ ውስጥ መጨመር ነው፤ ሁለተኛው በዘሩ ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ካለው አስኳል ስብ ማውጣት ነው።

ስለ ስቡ የሚነገረው መልካም ነገር ሁሉ እውነት ነው። የአስኳሉ ስብ በስቴሪክና በኦሌይክ አሲድ የበለጸገ፣ በጠባዩ ከካካዎ ቅቤ ጋር የሚቀራረብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የቸኮሌት መመሪያ ከካካዎ ቅቤ ሌላ እስከ 5 በመቶ እንዲጨመሩ ከፈቀዳቸው ስድስት የእጽዋት ስቦች አንዱ የማንጎ አስኳል ስብ ነው። ይህን ያነበበ ተማሪ ልቡ ቢነሣሣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ወረቀትና እርሳስ ይዘን እንቀመጥ። አንድ ኩንታል ማንጎ 15 ኪሎ ያህል ዘር ይሰጣል እንበል። ከዚያ ውስጥ አስኳሉ 8 ኪሎ ቢሆን፣ ግማሹ ውሃ ነውና ሲደርቅ 4 ኪሎ ይሆናል። የደረቀው አስኳል የስብ ድርሻ 10 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ከአንድ ኩንታል ማንጎ የምናገኘው ስብ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ያንንም ለማግኘት ዘሩን ሳይሻግት ማድረቅ፣ ቅርፊቱን መስበር፣ በኬሚካል ማሟሟትና ማጣራት ያስፈልጋል፤ ሥራው የሚገኘውም በዓመት ሦስትና አራት ወር ብቻ ነው። ሕንድ ይህን የምትችለው በዓለም አንደኛ የማንጎ አምራች ስለሆነችና ዘሩን በገፍ በአንድ ቦታ የሚያከማቹ የማንጎ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች ስላሏት ነው። የእኛ ዘር ግን በየጁስ ቤቱና በየመንደሩ የተበተነ ነው።

የልጣጭ ዱቄቱ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል። ልጣጭ ፋይበር፣ ፔክቲን፣ ካሮቲኖይድና ፖሊፌኖል እንዳለው ብዙ ላቦራቶሪዎች አረጋግጠዋል። ሆኖም ከነጩ ተባይ ጋር በምንዋጋበት ጊዜ የምንረጨው መድኃኒት የሚያርፈው በመጀመሪያ በዚሁ ልጣጭ ላይ ነው። የእጽዋት ሳይንስ ተማሪው በአንድ ወረዳ የመድኃኒት ርጭት እየመከረ፣ የምግብ ሳይንስ ተማሪው ከዚያው ወረዳ የመጣውን ልጣጭ ለሕፃናት ብስኩት ይመክራል። የመድኃኒት ቅሪት መለካት የማንኛውም የልጣጭ ጥናት የመጀመሪያ ሠንጠረዥ መሆን ሲገባው የቀማሾች የጣዕም ነጥብ ነው የሚቀድመው። በተጨማሪም የማንጎ ልጣጭ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ የሚያሳክክና የሚያቆጣ ንጥረ ነገር አለበት፤ ማንጎ በእጽዋት ቤተ ሰቡ ከካሹ ጋር ዘመድ ነው። ይህን ሁሉ የምለው ጥናቱ ይቅር ለማለት ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ለማለት ነው።

እንግዲህ ዘሩን እንደ ዘር እንመልከተው።

የማንጎ ዘር እንደ ስንዴ ወይም እንደ ባቄላ ደርቆ የሚቀመጥ አይደለም። ከደረቀ ይሞታል፤ ከፍሬው ከወጣ በኋላም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ለዘይት ፈላጊው ይህ ጠባይ ምንም ትርጉም የለውም፤ ለችግኝ ጣቢያ ግን ወሳኝ ነው። ችግኝ ጣቢያዎች ዘር ሲፈልጉ ወይ ፍሬውን ገዝተው ሥጋውን ይጥላሉ፣ ወይም ከዛፍ ሥር የወደቀና ደረቅ የሆነ ዘር ለቅመው ግማሹ ሳይበቅል ይቀርባቸዋል። በሌላ በኩል ጁስ ቤቱ በየዕለቱ ትኩስ፣ ከበሰለ ፍሬ የወጣ፣ ሥጋው ከሞላ ጎደል የተላጠለት ዘር እየጣለ ነው። በቀን አንድ ኩንታል ማንጎ የሚፈጅ ጁስ ቤት አለ ብለን፣ አንዱ ፍሬ 250 ግራም ቢመዝን በቀን 400 ዘር ይወጣዋል። ግማሹ ቢበላሽ ወይም ባይበቅል እንኳ በሃያ የሥራ ቀን 4,000 ችግኝ ማለት ነው። አንድ የወረዳ ችግኝ ጣቢያ ይህንን ቁጥር በንቀት አያልፈውም።

ሥራው ውስብስብ አይደለም። ዘሩ በዕለቱ ይሰበሰባል፤ በውሃ ታጥቦ የቀረው ሥጋ ይወገዳል፤ ጥላ ውስጥ ለአንድ ቀን ይጠፈጥፋል። ከዚያም ጠንካራው ቅርፊት በመቀስ ጫፍ በጥንቃቄ ተከፍቶ አስኳሉ ይወጣል። ይህ ድካም ሁለት ጊዜ ይክሳል። ቅርፊቱ የተነሣለት አስኳል ከነቅርፊቱ ከሚዘራው ቶሎና እኩል ይበቅላል፤ ከዚህም ሌላ በዘሩ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ነቀዝ ካለ በዚያው ዓይን ያየዋል። የማንጎ ዘር ነቀዝ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች የሚገኝ ተባይ ስለሆነ ዘርን ከነቅርፊቱ ከክልል ወደ ክልል ማጓጓዝ አስተዋይነት አይደለም። በአንጻሩ ነጩ ተባይ የሚኖረው በቅጠል፣ በቀንበጥና በፍሬ ቆዳ ላይ ነው። በሚገባ የታጠበና ቅርፊቱ የወጣለት አስኳል ወደ ችግኝ ጣቢያ ሲገባ ቅጠል ካለው ችግኝ በጣም ያነሰ ሥጋት ይዞ ይገባል። በሽታና ተባይ ወደ አዲስ አካባቢ የሚሻገሩበት ዋነኛ መንገድ ችግኝ ማጓጓዝ መሆኑን ስናስብ፣ በአካባቢው ጁስ ቤት ዘር በዚያው አካባቢ ችግኝ ማፍላት የኳራንቲን እርምጃም ጭምር ነው።

አስኳሉ ጎባጣ ወገኑ ወደ ላይ ሆኖ በላስቲክ ከረጢት ይተከላል። ችግኙ ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ሲይዝ ለማዳቀል ይደርሳል፤ እንደ አካባቢው ሙቀት ይህ ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። የተዳቀለ ችግኝ ያነሰው ዘር ስለጠፋ ሳይሆን ጤናማ ቀንበጥ የሚቆረጥባቸው እናት ዛፎችና እጃቸው የሠለጠነ አዳቃዮች ስላነሱ ነው የሚል። አልክድም፤ ሦስቱም ይጎድላሉ። ይሁን እንጂ ዘሩ በብዛትና ያለ ዋጋ ከተገኘ የቀሩት ሁለቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ይመጣሉ። እናት ዛፍ ለመትከል ሰፊ መሬት አያሻም፤ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ማዕዘን ይበቃል። ማዳቀልን ደግሞ በመጽሐፍ ማንም አልተማረውም፤ እጅ የሚሠለጥነው ብዙ ችግኝ በማበላሸት ነው። አሁን ለአንድ የተግባር ትምህርት ክፍል የሚደርሰው ችግኝ እፍኝ ስለሆነ ተማሪው አንድ ወይም ሁለት ቀንበጥ አጣብቆ ይመረቃል። በመቶዎች የሚቆጠር ችግኝ ሳይቆጭ እንዲያበላሽ ቢፈቀድለት ወደ ወረዳው ሲመለስ ሌላውን ማስተማር የሚችል ባለሙያ ይሆን ነበር።

የነባሮቹ ረጃጅም ዛፎች ጉዳይ በዚህ አያልቅም። እነርሱን ግንዳቸውን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆርጦ፣ በሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ላይ የተሻለ ዝርያ ማዳቀል ይቻላል፤ ሥራቸው ጠንካራ ስለሆነም በሁለትና በሦስት ዓመት ወደ ፍሬ ይመለሳሉ። ነገር ግን አንድን አርሶ አደር ዛፍህን ቁረጥ ማለት የሦስት ዓመት ገቢህን፣ የከብትህን ጥላና የልጆችህን ፍሬ አሳልፈህ ስጥ ማለት ነው። በአሶሳም ሆነ በጋሞ የማንጎ ዛፍ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ሽምግልና የሚቀመጡበት ጥላ ነው። አምስት ዛፍ ያለው ሰው አንዱን ብቻ በመጀመሪያው ዓመት ቢቆርጥና ከጎኑ ሁለት የተዳቀለ ችግኝ ቢተከልለት ይሰማናል፤ በአንድ ዘመቻ አምስቱንም ቁረጥ ቢባል ግን አይሰማንም፤ ባይሰማንም ትክክል ነው። የመቁረጡ ምክር ተቀባይነት የሚያገኘው በእጃችን የሚተካ ችግኝ ስንይዝ ብቻ ነው።

ዘሩ ለብቻው መሰብሰብ ሲጀምር ሌላም ነገር ይቃናል። የጁስ ቤት ቆሻሻ ለከብት መኖነት የማይመቸው አንዱ ምክንያት ልጣጩና ዘሩ ተደባልቀው ስለሚጣሉ ነው። ሙሉ ዘር የላምን ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል፤ አስኳሉም ታኒን ስለሚበዛበት ሳይዘፈዘፍና ሳይቀቀል ለዶሮ አይስማማም። ዘር የወጣለት ልጣጭ ግን ስኳሩ ብዙ፣ ፕሮቲኑ ጥቂት የሆነ እርጥብ መኖ ነው። ለብቻው ቢቀመጥ በአንድ ቀን ይፈላል። ከደረቅ ገለባና ከፉርሽካ ጋር ተደባልቆ አየር በማይገባበት ላስቲክ ተጠቅጥቆ ከታሸገ ግን ለሳምንታት ይቆያል። የመድኃኒት ቅሪቱ ጥያቄ ለወተት ላም ጭምር እንደሚነሣ አልዘነጋሁም፤ ቅሪቱ ተለክቶ እስኪታወቅ ድረስ ለኮምፖስት ማዋሉ ይሻላል። ከተሞቻችን በለቀማ ወቅት ይህን እርጥብ ቆሻሻ በመኪና ወደ መጣያ ስፍራ ለማድረስ የሚያወጡትን ነዳጅ ለጊዜው ወደ ጎን እንተወው።

ለተመራማሪ የሚሆን ጥያቄ አይጠፋም። አንዳንድ የማንጎ ዓይነት ከአንድ ዘር ከአንድ በላይ ቡቃያ ያበቅላል፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ የእናታቸው ትክክለኛ ቅጂ ስለሆኑ አንድ ወጥ ሥር ይሰጣሉ። ሌላው ዓይነት አንድ ቡቃያ ብቻ ያበቅላል፤ ችግኙም ከእናቱ ይለያል። በአርባ ምንጭ፣ በአሶሳ ወይም በሐረር ጁስ ቤቶች ከሚጣለው ዘር የመጀመሪያው ዓይነት ምን ያህሉ ነው? ዘሩ ከፍሬው ከወጣ በኋላ በክፍል ሙቀት፣ በእርጥብ መጋዝና በጆንያ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? ከየትኛው ሥር ላይ የተዳቀለ ኬንት አጭር ሆኖ ይቀራል? እነዚህ ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ሚዛን፣ ከረጢት፣ መቀስ፣ መዝገብና ትዕግሥት ይበቃሉ። ውጤታቸውም በሁለት ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ቆይታ ውስጥ ይደርሳል፤ በሚያዝያ የተሰበሰበ ዘር በግንቦት ይበቅላል፣ በቀጣዩ ዓመት የካቲትና መጋቢት ይዳቀላል፣ የክረምቱ ዝናብ ሲገባ በአርሶ አደሩ ማሳ ይተከላል። የእጽዋት ሳይንስና የምግብ ሳይንስ ክፍሎች አንድ አማካሪ ከየወገናቸው መድበው አንድን ተማሪ በጋራ ቢያማክሩ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ካሉት ጁስ ቤቶች ጋር ሁለት ባልዲ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚቀራቸው፤ አንዱ ለልጣጭ፣ አንዱ ለዘር።